ምዕራፍ 7፦ የሚያመልጥ እሳት

ገርጂ ለኖረ ሰው ክረምት የሚገባው በቀን መቁጠሪያ አይደለም። ወራት የተከመረ አቧራ ላይ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ይወርድና ማታ መብራት ድርግም ይላል፤ ሻማ ይፈለጋል፤ ያኔ ክረምት መግባቱን እናውቃለን። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ምልክት አለኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራችው ኮሮላዬ በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ ታስላለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ወደፊት መሄዱን ትታ ትንጠኛለች። ፀሐይ ወጥታ ኮፈኑ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ጭጭ ትላለች።

ለዓመታት ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም። መብራቱ የመስመር ጣጣ፣ ሳሉ የዕድሜ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አንድ ክረምት ግን ነገሩ አበሸቀኝ፤ ምክንያቱም አራቱንም የካንዴላ ገመዶች በአዲስ ካስቀየርኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ያውም ቀያይ፣ ወፋፍራም፣ ሲያዩዋቸው የእሽቅድምድም መኪና የሚያስመስሉ ገመዶች! ሰፈር ወዳለው መካኒክ እያሳልን ደረስን። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ቆም ብሎ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ትናንት መብራቱን ያጠፋውና ዛሬ መኪናዎን ያሳላት አንድ ነገር ነው» አለኝ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ከአጥሩ ውጭ ወዳለው የመብራት ምሰሶ በአገጩ ጠቆመኝ።

ይህ ምዕራፍ ያን አገጭ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

ተራ አስከባሪው

በምዕራፍ 4 ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ እንደሆነ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ኮይል የሚባለው ጥቅል ሽቦ ያንን 12 ቮልት ወደ 20,000፣ ሲያስፈልግም ከዚያ በላይ እንዴት እንደሚያሳድገው አይተናል። ባለፈው ምዕራፍ ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ክፍተትና በእሷ ላይ የምትዘለውን ብልጭታ ተመለከትን። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ነገር ዘለልን። እሳቱ ከኮይሉ ተነስቶ ካንዴላው ጋ የሚደርሰው በምንድን ነው?

መገናኛ ታክሲ ተሰልፋችሁ ታውቁ ይሆናል። ተራ አስከባሪ ባይኖር ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። በቆዩ መኪናዎች ውስጥ ዲስትሪቢዩተር የሚባለው ክብ ዕቃ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ከኮይሉ የመጣውን እሳት «አሁን የአንደኛው ሲሊንደር ነው፤ ቀጥሎ የሦስተኛው፤ ከዚያ የአራተኛው፤ መጨረሻ የሁለተኛው» እያለ ያከፋፍላል። ከአናቱ ላይ ወጥተው ወደ አራቱ ካንዴላዎች የሚሄዱት ጣት የማያህሉ ገመዶች የዚህ ምዕራፍ ባለጉዳዮች ናቸው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ገመድ በሴኮንድ 25 ጊዜ፣ በአራቱ ሲደመር 100 ጊዜ እሳት ያልፋል።

የሁሉም ሰው መኪና ይህ ገመድ የለውም። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች አላቸው፤ ዲስትሪቢዩተር ያላቸው የቆዩ ኮሮላዎችም እንዲሁ። በአያት፣ በሰሚትና በጎሮ መንደሮች ውስጥ ለውስጥ የሚሽሎከሎከው ባጃጅም አንድ ሲሊንደር ቢኖረው ነው እንጂ እሳቱን የሚቀበለው በዚያው መንገድ ነው። በናፍታ የሚሄደው ሚኒባስ ካንዴላም ገመድም አያስፈልገውም፤ ለምን እንደሆነ በምዕራፍ 2 አይተናል። ቪትዝን የመሰሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱን ኮይል አናቱ ላይ አስቀምጠውለታል። በእነሱም ቢሆን ገመዱ ጨርሶ አልጠፋም፤ አጥሮ የጎማ እጅጌ ሆነ እንጂ። ስለዚህ ባለ ቪትዞችም ይህን ምዕራፍ አትዝለሉት።

እነዚህ የቆዩ መኪናዎች ቶሎ ከመንገድ የሚወጡም አይመስልም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለው ሰው ያለችውን እየጠገነ ይነዳል ማለት ነው።

ምሰሶውና ገመዱ

ወደ ምሰሶው እንመለስ። በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ከላይ ተዘርግተው ከምታዩዋቸው ራቁት ሽቦዎች ብዙዎቹ 15,000 ቮልት ይሸከማሉ። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርሱ ነው ቤታችን ወደሚገባው 220 ቮልት የሚወርዱት። እነዚያን ሽቦዎች ለመያዝ ስንት ጣጣ እንዳለ ልብ በሉ። ምሰሶው ረጅም ነው። ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸውም ከሰው በረንዳም ይራራቃሉ። ምሰሶው ላይ የተቀመጡት በቀጥታ ሳይሆን የተደራረበ ሲኒ በሚመስሉ የሸክላ ማቀፊያዎች ላይ ነው።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። እዚያ ያለው ገመድ ከላይኛው ሽቦ የሚበልጥ ቮልቴጅ ሊሸከም ይችላል። ምሰሶ ግን የለውም። ርቀትም የለውም፤ ከሞተሩ ብረት አንድ ሁለት ጣት ርቆ፣ አንዳንዴም ተደግፎት ነው የሚያልፈው። ምሰሶው፣ ሲኒውና ርቀቱ ተደምረው የሚሠሩትን ሥራ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ብቻውን ይሠራዋል፤ ከሥሩ ሙቀት፣ ከላዩ ዘይትና አቧራ እየተፈራረቁበት።

የገመዱን ነገር ለመረዳት ይህን አንድ ሐሳብ መያዝ ይበቃል። እሳትን ማስተላለፍ ቀላል ነው፤ እርጥብ ክርም ያስተላልፋል። አስቸጋሪው ሥራ በመንገድ ላይ እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ስለ ገመድ ምርጫና ጥበቃ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚቀዳ ነው።

(ለማስጠንቀቅ ያህል፦ የመንገዱ ሽቦ ይገድላል፤ የካንዴላው ገመድ ግን ቮልቱ ቢበዛም ከጀርባው ያለው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ጤነኛን ሰው ብዙውን ጊዜ አስደንግጦ ይለቀዋል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ግን የሚሠራ ሞተር ላይ ጎንበስ አይበል። ሌላውም ቢሆን ደንግጦ እጁን ማራገቢያ ውስጥ እንዳይከት ይጠንቀቅ።)

አቧራውስ? ደረቅ አቧራ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በበጋ ሲኒው ቢቆሽሽም ችግር የለም። የመጀመሪያው ዝናብ ግን አቧራውን አጥቦ ከመውሰዱ በፊት ያረጥበዋል። የረጠበ አቧራ ጭቃ ነው፤ በጭቃ ውስጥ የሟሟው ጨው ደግሞ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆነዋል። እሳቱ በሲኒው ገጽ ላይ ተንሸራቶ ወደ ምሰሶው ይወርዳል፤ መስመሩም ይቋረጣል። በመጀመሪያው ዝናብ መብራት ከሚጠፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የካንዴላችሁ ነጭ ገላም ከሸክላ የተሠራ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የምታዩት ቀለበት ቀለበትም የሲኒው ዓይነት ሥራ አለው፤ እሳቱ ተንሸራቶ የሚወርድበትን መንገድ ማርዘም። የገርጂ አቧራ በገመዱና በካንዴላው ላይ ሲያርፍ፣ ሌሊት ጤዛና ዝናብ ሲያርሰው፣ በምሰሶው ላይ የሆነው ሁሉ ኮፈን ውስጥ በትንሹ ይደገማል። ፀሐይ ሲያደርቀው ሳሉ ይቆማል። መካኒኩ በአገጩ የነገረኝ ይህን ነበር።

ዝቅተኛው አፍ

ይህ ግን ሁለት ወር ያልሞላቸው ገመዶቼ መኪናዋን ለምን እንዳሳሏት አይገልጽም። ለዚያ ሌላ ምሳሌ ያስፈልገናል።

አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከወደ ምሥራቅ፣ ከለገዳዲ ግድብ ነው። ግድብ ሲሞላ ውሃው ዝም ብሎ አይቆለልም፤ ማስተንፈሻው ጋ ሲደርስ ይፈስሳል። የማስተንፈሻው አፍ ዝቅ ያለ ከሆነ ውሃው ዝቅ እንዳለ ይተነፍሳል፤ አፉን ብትገነቡበትና ብታስረዝሙት ደግሞ ውሃው እዚያ እስኪደርስ ይከማቻል፤ በግድቡ ግንብ ላይ የሚያሳርፈው ግፊትም አብሮ ያድጋል። ግንቡ ላይ አይጥ የማታሳልፍ ስንጥቅ ካለች ያን ጊዜ ትታወቃለች።

ኮይሉም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ኮይል ሁልጊዜ 30,000 ቮልት የሚተኩስ ይመስለዋል። አይደለም። ቮልቱ ከዜሮ ተነስቶ ያድጋል፤ ካንዴላው ጫፍ ያለችውን ክፍተት መዝለል የሚችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ ከዚያ በላይ አይወጣም። ክፍተቷ ጠባብ ከሆነች 10,000 ቮልት ሊበቃ ይችላል። ካንዴላው አርጅቶ ጫፉ ተበልቶ ክፍተቷ ከሰፋች ግን ቮልቱ ከዚያ እጅግ ከፍ ማለት አለበት። በዚያች ከሴኮንድ ሽራፊ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ግፊቱን ችሎ የሚቆመው ግንብ የገመዱ ጎማ ነው።

የተበላ ካንዴላ ገመድ ይገድላል የምለው ለዚህ ነው። ገመድ ቀይሮ ካንዴላውን መተው ግንቡን አድሶ ማስተንፈሻውን እንደ መድፈን ያለ ነው፤ አዲሱ ግንብ በተራው ይሰነጠቃል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። «ካንዴላውም ይቀየር?» ሲሉኝ «ገና ነው፣ ይሠራል» ብዬ ነበርና።

ሽቅብ ላይ

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ካንዴላው ጫፍ ያለችው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ናት። 20,000 ቮልት በነፃ አየር ላይ ግን ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ሊዘል ይችላል፤ በአዲስ አበባማ ከዚያም ይበልጣል። ታዲያ አንዲት ሚሊ ሜትር ለመሻገር ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን?

ምክንያቱም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር የታመቀ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የገባውን አየርና ቤንዚን ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ያጠጋጋዋል። በጥቅጥቅ አየር ውስጥ መዝለል በሕዝብ መሃል እንደ መሮጥ ነው፤ በየእርምጃው ትጋጫለህ። ስለዚህ ውስጥ ያለችው አንድ ሚሊ ሜትር ውጭ ካለ ስምንት ሚሊ ሜትር ጋር ትስተካከላለች። እሳቱ ምርጫ ቢሰጠው ካንዴላው ጋ አይደርስም፤ ውጭ ባለው ልል አየር በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ዘልሎ ይገላገላል። እንዳይዘል የሚከለክለው ያው ጎማ ነው።

አሁን ከቦሌ ተነስታችሁ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ውጡ። ዳገቱ ሲጀምር ነዳጅ ትረግጣላችሁ፤ ሲሊንደሮቹ እስከ አፋቸው ይሞላሉ፤ ሲታመቁም በጣም ይጠቀጥቃሉ። ቆማ ስትጠብቅ ግን የሚገባው አየር ከግማሽ በታች ነው፤ ለመዝለልም ቀላል ነው። ገመዷ የደከመ መኪና ጋራዥ በር ላይ ቆማ ሰላማዊ የምትሆነው፣ ዳገት ላይ ግን የምታስለው ስለዚህ ነው። ባለቤቱ «ሽቅብ ላይ ትነጥቃለች» ይላል፤ መካኒኩ ቆማ እያለች ያዳምጣትና «ምንም የለባትም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከፍታውስ? ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የምንተነፍሰው አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥም አየሩ በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ካንዴላው ሥራው ይቀለዋል። ከውጭ ያለው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል፤ እሳቱ ለማምለጥም ይቀለዋል። ስሌቱ ይቻቻላል ማለት ይቻላል። በጣም ከፍ ብለው ለሚበሩ ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች ግን ይህ ቀልድ አልነበረም። ሞተሩ አየር የሚጨመርለት መሣሪያ ስላለው ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቅጥቅ እንዳለ ነው፤ ውጭ ያለው ግን ስስ ነው። እሳቱ ከመስመሩ እየዘለለ ያስቸግር ስለነበር መሐንዲሶቹ እሳት አመንጪውን ክፍል ዘግተው አየር ይሞሉበት ጀመር።

ከጎማው ውስጥ ያለው

ስለ አውሮፕላን ካነሳን አይቀር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ሲ-47 በሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። የእያንዳንዱ ሞተር ሲሊንደሮች 14 ናቸው፤ ለአንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ። ለሁለቱ ሞተሮች 56 ካንዴላ፣ 56 ገመድ! ገመዶቹ ግን እንደ መኪና ተንጠልጥለው አይታዩም፤ በብረት ሽፋን ውስጥ ተሸፍነው ነው የሚሄዱት። ለምን ቢባል፣ አብራሪው ሬዲዮ መስማት አለበት።

ብልጭታ ራሱ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ማርኮኒ የመጀመሪያ መልእክቶቹን ያስተላለፈው በብልጭታ ነበር። ስለዚህ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚፈነጥቅ ሞተር በሬዲዮው ውስጥ «ትር ትር ትር» ይላል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ትርትርታውም ይፈጥናል። በመኪና ላይ ብረት ከማልበስ ይልቅ ርካሹ ዘዴ ገመዱ ራሱ ለኤሌክትሪክ ትንሽ እንዲከብድ ማድረግ ሆነ። በመሃሉ የሚሄደው እንግዲህ መዳብ አይደለም፤ ካርቦን የተነከረ የመስታወት ክር ነው። ሌላው ዓይነት ቀጭን ሽቦ በክር ዙሪያ እንደ ጥለት የተጠመጠመበት ነው፤ ይህ ይበልጥ ይቆያል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ንጹሕ የመዳብ ገመድ በጥንቶቹ መኪናዎች ላይ ነበረ፤ አሁን ብትገጥሙት ሬዲዮውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩን የሚያዘውንም ኮምፒውተር ሊያውክ ይችላል።

ገበያ ላይ «ምንም ሳያግድ ያሳልፋል፤ ጉልበት ይጨምራል» የሚባል ገመድ ይቀርባል። እዚህ ላይ ቆጠብ በሉ። ብልጭታው እስኪዘል ድረስ በገመዱ ውስጥ የሚሄድ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግፊት ብቻ ነው። ሮቶ ላይ የተገጠመ ቧንቧ ተዘግቶ እያለ ቱቦው ቀጠነ ወፈረ ግፊቱ አይለወጥም። የገመዱ ክብደት በልኩ እስከሆነ ድረስ ብልጭታውን አይሰርቅም። ቶዮታ ለብዙዎቹ ለእነዚህ ሞተሮች የፈቀደው በአንድ ገመድ እስከ 25 ኪሎ ኦም ነው። ኦም ማለት ለኤሌክትሪክ የመክበድ መለኪያ ነው፤ ኪሎ ደግሞ ሺህ። ጤነኛ መኪና ላይ ውድ ገመድ መግጠም ያላመመው ሰው መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው።

ኤሌክትሪሺያኖች ገመዱን በሜትር ለክተው «ደህና ነው» ሲሉ ትሰማላችሁ። ልክ ናቸው፤ ግን የለኩት የመሃሉን ክር ነው። ሜትሩ የሚልከው ጥቂት ቮልት ስለሆነ ጎማው ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ክሩ ተበጥሶ ከሆነ፣ ወይም ከአራቱ አንዱ ከርዝመቱ ጋር የማይመጣጠን ቁጥር ካሳየ ሜትሩ ይነግራችኋል። ግንቡን ግን አይመረምርም።

ሶማሌ ተራ

የቦሌ ሰው መለዋወጫ በየሰፈሩ አያጣም፤ ሆኖም ዋጋ ለማወዳደር ሲፈልግ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። እዚያ የሚሰማው ቃል ሁሉ አንድ ትርጉም አለው ማለት አልችልም፤ «ኦርጅናል» አንዱ ዘንድ የፋብሪካው፣ ሌላው ዘንድ ደህና ኮፒ ማለት ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ግን በሁሉም ቤት ትርጉሙ አንድ ነው። ስለዚህ መመርመር ከመክፈል በፊት ነው።

ከሁሉ በፊት የድሮውን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱን፣ የጫፉን ቅርጽና የካንዴላ ኮፍያውን ቁመት የሚያህል መለያ የለም። ሁለት ካም ዘንግ ባላቸው ኮሮላዎች ካንዴላው በሞተሩ አናት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ኮፍያው ረጅም መሆን፣ ከላይ ያለው ጎማም ጉድጓዱን ግጥም አድርጎ መዝጋት አለበት። በላዳ ካንዴላዎቹ ከጎን ስለሆኑ ኮፍያው አጭር ነው።

ከዚያ በእጃችሁ አጥፉት። ሲሊኮን የሆነ ገመድ ልስልስ ነው፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል፤ ታጥፎ ሲለቀቅ ይመለሳል። ተራው ጎማ ጠንከር ይላል፤ ሙቀት የሚችለውም ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው። ሲሊኮኑም ነውር አለው፤ ሹል ነገር ሲነካው ወይም ሲጎተት ቶሎ ይቀደዳል። አዲስ ተብሎ ሲታጠፍ በላዩ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካሳየ መደርደሪያ ላይ አርጅቷልና ተዉት። ደህና አምራች በገመዱ ላይ ስሙንና ዓይነቱን፣ ብዙ ጊዜም የተሠራበትን ዓመት ያትማል። ኅትመቱ በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ሰዎቹም በዚያው ልክ ናቸው። ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት፤ መላወስ የለበትም፤ ቢላወስ በዚያች ስንጥቅ ውስጥ ሌላ ብልጭታ ይፈጠርና ጫፉን ያቃጥለዋል።

ከመኪና የወረደ ያገለገለ ገመድ ግን አትግዙ። በር፣ መብራት፣ ሞተርም ቢሆን ያገለገለ ይገዛል። ጎማ ግን ዕድሜው በፊቱ ላይ አይጻፍም።

ስለ ውፍረት፦ ሰባት ወይም ስምንት ሚሊ ሜትር ለእነዚህ መኪናዎች በቂ ነው፤ ለአንዳንዶቹም ፋብሪካው አምስት ሚሊ ሜትር ገጥሟል። አሥር ሚሊ ሜትር የሆኑት ቀያይ ገመዶቼ ግን ማበጠሪያ በሚመስለው የገመዶች መያዣ ውስጥ አልገባ ብለው በፕላስቲክ ማሰሪያ ነበር የታሠሩት። ወደዚያ እመጣለሁ።

ላቫጆ፣ ግራሶና ሌሎች ጠላቶች

ደህና ገመድ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው። ላቫጆ ሄዳችሁ «ሞተሩንም እጠበው» ከማለታችሁ በፊት አስቡ። በግፊት የሚመጣ ውሃ ዝናብ የማይደርስበት ይደርሳል፤ ኮፍያውን አልፎ ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። የግድ ከሆነ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ዲስትሪቢዩተሩ በፌስታል ይሸፈን፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ውሃ ከገባም ኮፍያዎቹን ነቅሎ በአየር መንፋት እንጂ «ሲነዳ ይደርቃል» ብሎ መነሳት አይበጅም። በውሃ ላይ የተንሸራተተ እሳት በሸክላው ላይ እንደ እርሳስ መስመር ያለ ጥቁር ጭረት ይተዋል። ጭረቱ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ከደረቀ በኋላም መንገድ ነው።

ሲነቀል የሚያዘው ገመዱ ሳይሆን ኮፍያው ነው፤ በመጀመሪያ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ፣ ከዚያ መሳብ። የሚቀየረውም አንድ በአንድ ነው። አራቱን በአንዴ ነቅሎ የየትኛው እንደነበር የጠፋበት ሰው ተራ አስከባሪውን አሳብዶታል፤ መኪናዋ በማርሚታ በኩል ትተኩሳለች።

ሲገጠም በኮፍያው ውስጠኛ ከንፈር ላይ ለኤሌክትሪክ የተዘጋጀ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀባል። እርጥበት ይከለክላል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ኮፍያው ሳይቀደድ ይወጣል። ተራ ግራሶም ቫዝሊንም አይተኩትም፤ ከነዳጅ ዘር ስለሆኑ ጎማውን ያልሱታል፣ ያሳብጡታል። ከሞተሩ ክዳን የሚያፈስ ዘይትም እንዲሁ ስለሚያደርግ ጋስኬቱን ማስቀየር ገመዱን ማዳን ነው።

ስለዚያ ማበጠሪያ። ፋብሪካው ገመዶቹን የሚያራርቅ የፕላስቲክ መያዣ የሰጠው ለጌጥ አይደለም። ሁለት ገመዶች ረጅም ርቀት ተጣብቀው ጎን ለጎን ከሄዱ፣ በአንዱ ውስጥ የሚያልፈው እሳት ሳይነካው በሌላው ውስጥ ትንሽ እሳት ሊቀሰቅስ ይችላል፤ በምዕራፍ 5 ኮይሉ ውስጥ አንዱ ጥቅል ሌላውን እንዴት እንደሚቀሰቅሰው ያየነው ነው። ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ የሦስተኛውና የአራተኛው ገመድ ጎረቤቶችም ተከታታዮችም ናቸው። ሦስተኛው ሲተኮስ አራተኛው ገና በማመቅ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ያለ ተራው ቢቀጣጠል ፒስተኑን ሽቅብ እየመጣ ሳለ በቡጢ እንደ መምታት ነው። እነዚህን ሁለቱን ባታጣብቋቸው ይመረጣል። ከጭስ መውጫው የብረት ቧንቧም ይራቁ።

ዕድሜያቸው በተለምዶ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይባላል። ይህ ቁጥር ግን መገናኛን አያውቅም። መኪና አንድ ሰዓት ቆማ ስትንገበገብ ኪሎ ሜትሩ አይቆጥርም፤ ጎማው ግን ይቆጥራል።

በጨለማ

ያ መካኒክ የኔን መኪና ወዲያው አልነካትም። «ማታ ያምጧት» አለኝ። መጣሁ። መብራት እንደጠፋ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመን። ሞተሩን አስነስቶ ኮፈኑን ከፈተና ለካውያ ልብስ የሚያርሱበትን የውሃ መርጫ አነሳ። ገመዶቹ ላይ ጉም የመሰለ ውሃ ረጨ። ሦስተኛው ገመድ ወገቡ ላይ፣ ከሞተሩ ክዳን በኩል፣ ሰማያዊ ክር እየተመዘዘ መጥፋት ጀመረ፤ ጠጠር መሬት ላይ እንደሚበተን «ጠጠጠጠ» ይላል። ያን ብልጭታ ሳይ ስንት ቤንዚን ሳይቃጠል በማርሚታ እንደወጣ ማስላት ጀምሬ ተውኩት።

በማግስቱ ካንዴላዎቹን ነቅሎ በየመሃላቸው የመለኪያ ምላስ አስገባ። አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊሆን የሚገባው ክፍተት ወደ አንድ ተኩል ደርሷል። አራት ካንዴላና አራት ቀጭን ጥቁር ገመድ ገጠመ፤ በማበጠሪያው ውስጥም ሰተት ብለው ገቡ። ዋጋቸው ከቀዮቹ ያንስ ነበር።

ቀዮቹን ልጥላቸው ስል «ቆይ ጋሼ» አለኝና ሦስተኛውን በምላጭ እንደ ካሮት ቆረጠው። የተቆረጠውን ፊት ወደ ብርሃን አዞረልኝ። ከውጭ ድፍን አሥር ሚሊ ሜትር ነው፤ ክሩ ግን መሃል ላይ የለም። ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። በአንዱ ወገን ጎማው እንደ ሙዝ ልጣጭ ወፍሯል፤ በሌላው፣ ብልጭታው በወጣበት በኩል፣ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ነው።

ምላጩን ተቀብዬ የቀሩትን ሦስቱንም ቆረጥኳቸው።